ጠረጴዛዬ ሥር የነበረው ኬብል

አብዱልሃሚድ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። ሁለታችንም የኮምቦልቻ ልጆች ነን። የተገናኘነው ግን ሀርጌሳ፣ 26 ጁን ሰፈር፣ ሐጂ ዱዓሌ ባሠሩት አዲስ ሕንፃ ውስጥ ነው። ያኔ በጦርነቱ የፈረሰው ከተማ እንደገና እየተሠራ፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ሰው ይገባበት ነበር። ሐጂ አንዲት ኮምፒውተር ያላት የኢንተርኔት ቤት ከፈቱና አብዱን ቀጠሩት። ከኢንተርኔት ቤቱ በኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ የምትለየውን ጠባብ ክፍል ለእኔ አከራዩኝ፤ ለሰው ማመልከቻ በኮምፒውተር እጽፋለሁ።

ከጣሪያ የሚወርደው የኢንተርኔት ገመድ የሚገባው በእኔ ክፍል ነው። ጠረጴዛዬ ሥር መስመሩን የምታከፋፍል አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች፤ ከእሷ ሌላ ኬብል ወደ ሐጂ ኮምፒውተር ያልፋል። ያቺ ኮምፒውተር ተበላሽታ አንድ ወር ስትቀመጥ አብዱን ለመንኩት። «ለእኔም አንድ ኬብል ሰካልኝ፣ እህቴን ላግኛት።» እንቢ አለ። ሐጂ ካወቁ እሱን ከሥራው፣ እኔን ከክፍሌ ያስወጡናል። በኋላ አንጀቱ አልችል አለውና ሰካልኝ፤ የመስመሩንም ቁጥር ማሽኔ ላይ ሞላልኝ። ቁጥሩ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ማሽን ባንድ ጊዜ አይጠቀምበትም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ብቅ አለ።

«ሀፊ፣ የሐጂን ኮምፒውተር ጠግኛታለሁ፤ አዲስ ዊንዶውስ ልጭንባት ነው። ከሰዓት በኋላ አባ ኤልሚ የልጃቸውን ኒካህ በካሜራ ያስራሉ። ያንቺን ኬብል ንቀይው።»

«እሺ» አልኩት። ከዙህር ሶላት በኋላ ግድግዳውን አንኳኩቶ «ነቀልሽው?» ሲለኝ «ነቅያለሁ!» ብዬ ጮህኩ። አልነቀልኩም። ጅዳ ካለችው እህቴ ከዊዳድ ጋር እየተጻጻፍኩ ነበር፤ ያውም ስለ ሻሽ ቀለም! አምስት ደቂቃ ብዬ ነው። የእኔ አምስት ደቂቃ መቼ አልቆ ያውቃል።

አባ ኤልሚ፣ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ ነጭ ለብሰው፣ ጺማቸውን ሂና ተቀብተው መጡ። ልጃቸው ናስተሆ ኖርዌይ ናት። ወሊዋ፣ ማለት በኒካህ የሚድራት፣ አባቷ ናቸውና የእሳቸው ቃል ካልተሰማ ኒካህ የለም። ለሌላው ሰው ስልክ ይበቃ ነበር። እዚያ ያሉት ሼክ ግን አንድ ጊዜ አንድ ሰው በስልክ «የሙሽራዋ አባት ነኝ» ብሎ አታሏቸዋል፤ የአባትየውን ፊት ካላየሁ አላስርም ብለዋል። ሼኩ በእኛ አሥር ሰዓት ላይ ሌላ ቀጠሮ አላቸው። ሙሽራው መርከበኛ ነው፤ በማግስቱ ለስድስት ወር ይሄዳል።

በግድግዳው ሁሉ ነገር ይሰማኛል። መጀመሪያ አዲሱ ዊንዶውስ የኬብል መሰኪያውን ጭራሽ አላወቀውም። አብዱ ማሽኗ ስትገዛ የመጣውን ሲዲ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጦት ነበር፤ አወጣና ጫነው። «ከኋላዋ አረንጓዴዋ መብራት በራች!» ሲል አልሐምዱሊላህ ተባለ። ቁጥሩን ሞላ። እንቢ! ነቅሎ ሰካ፣ አጥፍቶ አበራ። አሁንም እንቢ።

ሐጂ ዱዓሌ ጅግጅጋ ያደጉ ናቸው፤ ሲቆጡ በአማርኛ ነው። «ማን አዲስ ጫንባት አለህ? አሮጌው ምን አደረገህ?»

የአባ ኤልሚ ስልክ ጮኸ። ልጅቷ ናት። «መጣሁ ልጄ፣ መጣሁ» ይላሉ። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

በእኔ ስክሪን ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ብቅ ትላለች፣ እዘጋታለሁ። ደግሞ ብቅ። ኤጭ! ሦስተኛው ላይ አነበብኳት፦ ቁጥርሽን ሌላ ማሽን ይዞታል ትላለች። ይህቺው ማስጠንቀቂያ እሱም ዘንድ ወጥታለች ማለት ነው፤ አለመንቀሌን አውቋል።

በዚያው ቅጽበት ሐጂ «ሀፊዛ ክፍል ያለችውን ሣጥን አይተሃታል? ቆይ፣ እኔ ልያት!» ሲሉ ሰማሁ።

«አይቻታለሁ ሐጂ፣ ደህና ናት» አለ አብዱ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። አጫጫኑን አበላሽቼዋለሁ።»

ውሸት የማይወድ ሰው ለእኔ ሲል ዋሸ። ወላሂ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ኬብሌን መነጨቅሁት፤ ግድግዳውን በቡጢ መታሁ። «አብዱ! አንዴ ደግመህ ሞክር!»

ቢስሚላህ ሲል ሰማሁት። ትንሽ ቆይቶ የሴት ልጅ ሳቅ መጣ፣ ከኖርዌይ። አባ ኤልሚ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጄን ናስተሆን ድሬልሃለሁ» ሲሉ እኔ ከጠረጴዛው ሥር አልወጣሁም ነበር፤ እያለቀስኩ ነው።

አባ ኤልሚ መርቀው ሲወጡ ሐጂ ወደ አብዱ ዞሩ። «በሰው ኒካህ የሚቀልድ ሠራተኛ አልፈልግም። ቁልፉን አምጣ።»

ኬብሉን በእጄ እንደያዝኩ ገባሁ። አብዱ ሲያየኝ ራሱን ነቅንቆ «ተይ» አለኝ። አልተውኩም። «ሐጂ፣ እሱ ምንም አላጠፋም» ብዬ ኬብሉን ፊታቸው አስቀመጥኩና ሁሉንም ተናገርኩ፤ እኔው ለምኜ እንዳሰካሁት፣ ነቅያለሁ ብዬ እንደዋሸሁት። በመጨረሻ ሐጂ ቁልፍ የተቀበሉት ከእኔ ነው፤ የክፍሌን።

አሁን ሼክ ኑር በሚባለው ሰፈር፣ ቤቴ በር ላይ ነው ማመልከቻ የምጽፈው። አብዱ እዚያው እየሠራ ነው። በሳምንቱ ጁምዓ ሰግዶ ሊጠይቀኝ መጣ። ሻዩን እስኪጨርስ ስለ ኬብሉ አላነሣም። ሲነሣ ግን ጫማውን እያሠረ፣ ቀና ሳይል፣ «ነቅያለሁ ስትይኝ አምኜሽ እኮ ነበር፣ ሀፊ» አለኝ።

እስከ ዛሬ ድረስ አብዱ «በሩን ዘጋሽው?» ቢለኝ እንኳ፣ ሄጄ በእጄ ነክቼው ነው የምመልስለት።