መጥሙራ ውስጥ የቀበርነው ባትሪ

ባትሪውን መሐንዲሱ ሸጦት ነው የምትሉ ሰዎች፣ እስቲ አፋችሁን ያዙ። የት ነበራችሁ? እኔ ነበርኩ። ጉድጓዱን የቆፈርኩት በነዚህ እጆቼ ነው፤ ከሾዋክ እስከ ገዳሪፍ እንደኔ የሚቆፍር ካለ አምጡልኝ። «ሦስተኛ ክፍል ሳትጨርስ ስለ ባትሪ ምን ታውቃለህ?» ትሉኛላችሁ። ሦስተኛ ክፍልን እኔ አልተውኩትም፣ እሱ ነው የተወኝ።

መሐንዲሱ ጦርነቱ ከካርቱም ያባረረው ሱዳናዊ ነው። እኛ ስደተኞቹ ያለንበት ካምፕ የመጣው ለምርምር ነው። ሶላሩ ቀን የሚሰበስበውን ለማታ የሚያስቀምጠው ባትሪ በዚህ ሙቀት ቶሎ ይሞታል፤ ምን ብናደርገው ይቆያል? ጥያቄው ይኼ ነበር። ግማሹን ባትሪ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አስቀመጠ። ግማሹን መጥሙራ ውስጥ ከተትነው፤ ገበሬው ማሽላ የሚቀብርበት ጉድጓድ ነው መጥሙራ። ሐሳቡ የኔ ነው። «ማሽላ መሬት ስር ካልተበላሸ ባትሪ ምን ይሆናል?» አልኩት። ሳቀ። ከዛ መሳቁን ተወና «በል ቆፍር» አለኝ። አየር የሚያስገቡ ሁለት ቱቦዎች ግን እሱ ጨመረበት።

የቆርቆሮ ቤቱ ባትሪ በጋውን አልጨረሰም። የመጥሙራው የክሊኒኩን ፍሪጅ ይዞ ዘለቀ። ፍሪጁ ውስጥ ደግሞ የእናቴ የስኳር መርፌ አለ። ዝናብ ሲገባ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሆኖ መንገዱን ስለሚዘጋው የክረምቱ መድኃኒት በሙሉ ቀድሞ ነው የሚገባው። ፍሪጁ ከቆመ እናቴ አለቀላት ማለት ነው።

«ሳልሞት ነፍሴን ጉድጓድ ከተታችኋት» ትለኝ ነበር።

«እማ፣ ሌላው ሞቶ ለሚገባበት አንቺ ቦታ ያዝሽ» እላታለሁ። ትረግመኝና ትስቃለች።

እኔና መሐንዲሱ ሽቦ ልንገዛ ሾዋክ እንደገባን ዝናቡ ጀመረና መንገድ ዘጋብን። ጭቃው ሲጠነክርልን ትራክተር ላይ ተንጠልጥለን ተመለስን። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጉድጓዱ አጠገብ ሆነው ጠበቁን፣ ፊታቸው ፈክቶ።

«ዝናብ እንዳይገባበት ዘግተንላችኋል» አሉ ታላቅየው።

«ቱቦዎቹስ?» አለ መሐንዲሱ በዐረብኛ። ተረጎምኩ።

«እነሱን ነዋ መጀመሪያ የደፈንነው። ውሃ የሚገባው በነሱ አይደል? ገለባ ጠቀጠቅን፣ በጭቃ መረግነው። ዕድሜዬን ሙሉ መጥሙራ ስዘጋ ነው የኖርኩት፣ ልጄ።»

ለማሽላ ቢሆን ከሳቸው የተሻለ የሚዘጋ የለም። ማሽላ አየር ካገኘ ይነቅዛል። ባትሪ ግን ሲሞላ ይሞቃል፣ ይተነፍሳል። ገለባው ሙቀቱን አፍኖ ያዘው። ፍሪጁ ሲቆም የክሊኒኩ ሐኪም ፀሐይ ስለጠፋ መስሎት ዝም ብሎ ነበር።

ስንከፍተው ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ባትሪዎቹ አብጠው ተሰነጣጥቀዋል። መሐንዲሱ ጭቃው ላይ ቁጭ አለና «ኸላስ» አለ። በቃ፣ አለቀ። ያ ሁሉ በጋ የደከመበት ምርምር።

«ምነው፣ ውሃ ገባበት እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ ሽማግሌው።

«አልገባም አባባ፣ ደረቅ ነው» አልኳቸው።

መርፌውን እርጥብ እንስራ ውስጥ አስቀመጥነው። አየሩ ራሱ ሲረጥብ እንስራም አያቀዘቅዝም፣ መሐንዲሱ ነግሮኝ ነበር። ሐኪሙ ብልቃጡን ብርሃን ላይ አየውና ደፍርሷል አለ። በእግሬ ጭቃውን ሰንጥቄ ሾዋክ ድረስ ሄድኩ፤ እንደኔ በዛ ጭቃ የሚሄድ የለም። ፋርማሲዎቹ «ማፊ» ነው ያሉኝ፣ የለም። ጦርነት ነው፣ ከየት ይምጣ?

ባዶ እጄን ስመለስ እናቴ አታውቀኝም ነበር። ቀልድ ጀመርኩላት። አልረገመችኝም። በማግስቱ ሞተች።

መሐንዲሱ ለቅሶ ላይ ከኔ ጎን ነበር፤ ባትሪ ሸጦ የበላ ሰው እንደዛ አይቀመጥም። ካላመናችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙን ጠይቁ፣ ትራክተር ነጂውን ጠይቁ። ሽማግሌውን ብቻ ተዉልኝ፤ እሳቸው እስከ ዛሬ አያውቁም። እዛ የነበረውን ሌላውን ሰው ግን ማንንም ጠይቁ፣ ከደፈራችሁ።