ሞተሩ ዝም ካለ በኋላ

አባቴ ተኝተው መታየት አይወዱም ነበር። ዕድሜያቸውን በገጠር ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ ጎረቤት ለሰላምታ ብቅ ሲል ኮታቸውን ሳይደርቡ አይቀበሉትም። ግራ ጎናቸው ከሰነፈ ወዲህ ግን ኮት መልበስ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነባቸው። ከአልጋ መነሣት አለ፤ እጅጌውን መፈለግ አለ፤ ከዘራ ይዞ እስከ ወንበሩ መድረስ አለ። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ይሰጣቸው የነበረው የሞተሬ ጩኸት መሆኑን ያወቅሁት ጩኸቱን ካጠፋሁት በኋላ ነው።

ሞተሩ ለጭቃና ለዳገት ብቻ የተሠራ ነው። ያስመጣው መንገድ ሊሠራ የመጣ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ነበር። በሥራ ቀን አስፋልት ያነጥፋል፤ እሑድ እሑድ አስፋልት ያልደረሰበትን ፈልጎ ይጋልባል። ሰውየውን ከሚያነጥፈው መንገድ ይልቅ ስለ እሑዱ አከብረው ነበር። ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ሞተሩን ከነጉምሩክ ወረቀቱ ሸጠልኝ። መብራት የለው፣ ፍሬቻ የለው፣ መስታወት የለው፣ ታርጋ የለው። የጭስ ማውጫው ባዶ ቱቦ ስለነበር ሲነሣ የሰፈር ውሻ ሁሉ አብሮ ይነሣል።

ታርጋ የሌለው ነገር አስፋልት ላይ አይወጣምና አማኑኤል ከተማ አንድ ወዳጄ ግቢ ውስጥ አስቀምጠው ነበር። ቅዳሜ ከደብረ ማርቆስ በሚኒባስ አማኑኤል እደርሳለሁ፤ ከዚያ በሞተሬ የጋሪውን መንገድ ይዤ ቁልቁል ወደ ወንዙ፣ ወንዙን ተሻግሬ ባሕር ዛፉ ሥር ያለውን ጥምዝ ስዞር አባቴ ቤት ነው። ሁልጊዜ የሚጠብቀኝ ያው ነው። አባቴ በረንዳው ላይ ኮት ለብሰው፣ ከዘራቸውን በጉልበቶቻቸው መሐል አቁመው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

“እንዴት ሰነበቱ አባባ?”

“እኔማ ደህና ነኝ። አንተ ነህ የከሳህ።”

አምናቸው ነበር። የማነበው መጽሐፍ ሁሉ ደራሲውን እንዳላምን አስተምሮኝ፣ ኮት የለበሰ ሰው ግን አምናለሁ። አብራቸው የምትኖረው ታናሽ እህቴ በስልክ “አባባ እየደከሙ ነው” ስትለኝ አጋነነች እላለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደውላ መውደቃቸውን ነገረችኝ። መናኸሪያ ሄድሁ፤ ወደ አማኑኤል የሚሄድ መኪና አልነበረም። በማግስቱ ስደርስ ግንባራቸው ላይ ፕላስተር ተለጥፎ፣ ኮታቸውን ለብሰው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። “በሩ ነው የመታኝ” አሉኝ። የዚያን ቀን ሞተሬን ሕጋዊ አድርጌ፣ ሲደወልልኝ ከቤቴ በር ተነሥቼ አባቴ በር ለመድረስ ወሰንሁ።

ደብረ ማርቆስ ያለው መካኒክ ሞተሩ ከጭነት መኪና ላይ ሲወርድ ዙሪያውን ዞሮ አየው።

“ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሞተር አይደለም፤ ፍየል ነው። ፍየል ላይ ታርጋ ሊለጥፉ ነው?”

“ሕጋዊ አድርግልኝ ነው ያልሁህ።”

“ሕጋዊማ ይሆናል። አስፋልቱን መውደዱን ግን አልፈርምልዎትም።”

ሥራው ከገመትሁት በላይ ረዘመ። ሞተሩ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ መብራት የሚሸከም ስላልነበረ የውስጡ ሽቦ ተፈትቶ በሌላ ተጠመጠመ። ከመቀመጫው ሥር ባትሪ ገባ። የፊት መብራት፣ የፍሬን መብራት፣ አራት ፍሬቻ፣ ሁለት ስፖኪዮ፣ ክላክስ ተገጠመ። ጥርሳሙ ጎማ አስፋልት በሚይዝ ጎማ ተቀየረ። በመጨረሻ ከተሰበረ የከተማ ሞተር ላይ የወጣ፣ ድምፅ የሚያፍን ማርሚታ ባዶው ቱቦ ጫፍ ላይ ተበየደ። መካኒኩ አስነሣው። ድምፁ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ሆነ።

“ጨዋ ሆነ” አለኝ። “አሁን ሰርቀው ቢያመልጡበት ማንም አይሰማዎትም።”

ሁለታችንም ሳቅን።

በሞተሩ ምርመራ ቀን መርማሪው ከፊቴ ቆሞ “ግራ! ቀኝ! ፍሬን! ክላክስ!” ሲል እኔ እንደ ተማሪ ታዘዝሁ። ሕግን ስነቅፍ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን እዚያው ቆሜ አንድ ነገር ልቤን ነካው። ይህ ሕግ ሞተሬን የሚጠይቀው ጉዳይ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ለሌላው ሰው አስቀድመህ ንገረው። ልትታጠፍ ከሆነ ብልጭ በል፤ ልትቆም ከሆነ ቀይ አሳይ፤ ከመድረስህ በፊት ንፋ። እንዲህ ያለ ትሕትና ከመንግሥት ወረቀት አልጠብቅም ነበር። ታርጋዬን ተቀብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ከወትሮው ቀድሜ ማለዳ ተነሣሁ። አስፋልቱን ጨርሼ፣ አማኑኤልን አልፌ፣ ወንዙን ተሻገርሁ። ውሾቹ አልጮኹም። ጥምዙን ዞርሁ፤ በረንዳው ላይ ወንበሩ ብቻ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ገፋ አድርጌ ገባሁ።

አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ወደ ጎን ተዘንብለዋል። ሸሚዛቸው ወልቋል። እህቴ በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው ጀርባቸውን በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች። የጀርባቸውን አጥንት ያን ቀን ነው ያየሁት። ቀና ብለው አዩኝ፤ ወዲያው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

“በእግርህ ነው የመጣህ?”

“በሞተር ነው አባባ።”

“አልሰማሁትም” አሉ። ደግመውም፣ ለግድግዳው እንደሚናገሩ፣ “አልሰማሁትም።”

እህቴ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ አወጣችኝ።

“ምን አድርገኸው ነው ሞተሩን?”

“ሕጋዊ አደረግሁት።”

“ይኸው ከሕግ ታርቀህ እንደ ሌባ ገባህብን!” ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል። “ድምፅህን ከወንዙ ማዶ ሲሰሙ ‘መጣ፤ አንሽኝ’ ይሉኛል። አንተ ወንዝ ስትሻገር እኔ ኮት አለብሳለሁ፤ አንተ ጥምዙን ስትዞር እኔ ተሸክሜ ወንበሩ ላይ አደርሳቸዋለሁ። ገብተህ ‘ደህና ናቸው’ ብለህ ትሄዳለህ። ከዚያ ተሸክሜ እመልሳቸዋለሁ።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ስንቴ ልንገርህ? ስነግርህ ታጋንኛለሽ አልኸኝ።”

ማርሚታውን ማስነቀል ይቻል ነበር፤ ታርጋውም አብሮ ይነቀላል፤ ዳግም ቢወድቁ ደግሞ መናኸሪያ ቆሜ መኪና መጠበቄ ነው። ስልክ መደወልም ይቻል ነበር። ግን “ልደርስ ነው፤ አንሻቸው” ብዬ መደወል ማወቄን ማወጅ ነው። አባቴ የቀራቸው ሀብት የእኔ አለማወቅ ነበር፤ የተሰነጠቀም ቢሆን ልመልስላቸው ፈለግሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ትዝ ያለኝ የትምህርት ቤታቸው ደወል ነው። ከግራር ላይ የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነበር፤ በብረት ይመቱታል። ሁለት ጊዜ ይደወላል፤ የመጀመሪያው ገና መንገድ ላይ ላሉት፣ ሁለተኛው ሰልፍ ለመግባት። አባቴ በሁለቱ መሐል ያለውን ጊዜ ከታዘዘው በላይ ያስረዝሙት ነበር፤ ከሩቅ የሚመጡ ልጆች ነበሩና። ተቆጣጣሪ መጥቶ ምክንያቱን ሲጠይቃቸው “ወንዙ ሞልቷል” ይሉታል። በበጋም እንዲሁ ይሉታል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥምዙ ጋ ስደርስ ክላክሱን ረዘም አድርጌ ነፋሁ። ሞተሩን አጠፋሁና ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጥሁ። ይበቃል ባልሁ ጊዜ አስነሥቼ ገባሁ። በረንዳው ላይ ነበሩ፤ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ቀጥ ብለው።

“ምንድነው የሚጮኸው?”

“ክላክስ ነው አባባ። ጥምዝ ላይ መንፋት ግዴታ ነው።”

“በዚህ በጋሪ መንገድም?”

“በየትኛውም መንገድ። ሕጉ ነው።”

ጥቂት አሰቡ። “ደግ ሕግ ነው። ከነፋህ በኋላስ ወዲያው ትነዳለህ?”

“የለም፤ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል።”

ወደ ቁልቁለቱ ተመለከቱ። የካቲት ነበር፤ ወንዙ ውስጥ የቀረው ጠጠር ነው።

“ይሆናል” አሉ። “ወንዙ ሞልቶ ይሆናል።”

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜያችን በዚህ ሕግ ተዳደረ። እነፋለሁ፤ እቀመጣለሁ፤ እገባለሁ። የምቀመጥበት ጊዜ ግን እየረዘመ ሄደ። መጀመሪያ ዝም ብዬ እጠብቅ ነበር፤ በኋላ መጽሐፍ ይዤ መምጣት ጀመርሁ። አንዳንድ ቀን ኮቱ ቁልፍ ዘሎ ተቆልፎ አየዋለሁ፤ እንዳላየ አልፈዋለሁ። ፋሲካ ሲያልፍ ከዘራው ወንበሩ ላይ ተደገፈ እንጂ በእጃቸው አልተያዘም። አንድ ቀንም ቶሎ ገብቼ አላስደነገጥኋቸውም። በሕይወቴ ሳላጉረመርም ያከበርሁት ሕግ ይህ ብቻ ነው፤ ያውም የራሴ ፈጠራ።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሳያባራ ወጣሁ። ወንዙ ደፍርሶ እስከ ጉልበቴ ደረሰ፤ ሞተሩን እየገፋሁ ተሻገርሁት። ጥምዙ ጋ ስደርስ እህቴ ጆንያ ተከናንባ ባሕር ዛፉ ሥር ቆማለች። እጄ ወደ ክላክሱ ሲሄድ ያዘችኝ።

“ተው፣ አትንፋ።”

ቀና ብዬ ወደ ቤቱ አየሁ። ፊቴን አይታ ገባት።

“በሕይወት አሉ፤ አሉ። ‘ዛሬ ዝም ብሎ ይግባ በይው’ ብለውኝ ነው።”

ሞተሩን እዚያው ትተን ጎን ለጎን ሄድን። በሩ ክፍት ነበር። ኮቱ ወንበሩ መደገፊያ ላይ ተሰቅሏል። አባቴ ተጋድመዋል፤ ብርድ ልብሱ እስከ ደረታቸው ነው፤ ፊታቸው ወደ በሩ። ከሱሪዬ የሚንጠባጠበው ውኃ መሬቱ ላይ ሲያርፍ አዩት።

“ወንዙ ጎድሏል” አሉኝ። “ግባ።”

በደህናው እጃቸው ብርድ ልብሱን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው አልጋው ጠርዝ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። ከነእርጥቤ ተቀመጥሁ።