ሁለተኛው ቁንጥር

የዚያን ምግብ ቤት የዓሣ ሾርባ ያልቀመሰ ሰው ከተማውን አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ወንበር አይገኝም። ብርጭቆ ይጋጫል፣ ሳቁ መንገድ ድረስ ይሰማል፣ አንዱ ካንዱ ሳህን እየጨለፈ "እስኪ ያንተን!" ይላል። ያን ሁሉ ሰው የሚያጠግቡት ጓዳ ውስጥ ያሉ ሁለት እህትማማቾች ነበሩ።

አሠራራቸው ለብቻው ነው። ታላቋ ሾርባውን ታበስልና የጨውን ግማሽ ጨምራ ለድስቱ ጀርባዋን ትሰጣለች። ታናሿ መጥታ ትቀምስና የቀረውን ቆንጠር አድርጋ ትጨርሰዋለች። "ሁለት ሰው ያየው ጨው አይበዛም" ይላሉ፤ የራሳቸው ፈሊጥ ነው፣ ሌላ ቦታ ሰምቼው አላውቅም። ሃያ ዓመት እንዲህ ሠሩ።

አንድ ማክሰኞ ታናሿ አርፍዳ ሾርባው ዘገየ። ታላቋ ምን እንደነካት እንጃ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት "ሁለተኛ ድስቴን እንዳትነኪ!" አለቻት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ታናሿ ሽርጧን ፈታ ምስማሩ ላይ ሰቀለችና ሄደች። በማግስቱ ጠዋት አልጋዋ ላይ ሞታ ተገኘች። ልቧ ነው አሉ።

ታላቋ ቀብራት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ደንበኞቹ "ታናሽሽስ?" ሲሏት "ትመጣለች" ትላለች። ምኗ ይመጣል! ሠራተኛው እያወቀ አፉን ያዘ። እሷ ግን እንደ ልማዷ ግማሹን ጨው ትጨምርና ጀርባዋን ሰጥታ ትጠብቃለች። ታናሿ ስትሄድ ግራ እግሯን ጎተት ታደርግ ነበር፤ ያ ኮቴ ይሰማታል። ትዞራለች፣ ማንም የለም። ነፋስ በሌለበት ሽርጡ ይወዛወዛል። የቀረውን ጨው ራሷ ልጨምር ስትል ደግሞ እጇ ይደርቃል፤ "እንዳትነኪ" የሚለው የገዛ ድምፅዋ ጆሮዋ ላይ ይጮኻል። ሾርባው አልጫ ሆኖ ይወጣል፣ እንደወጣ ይመለሳል።

በሦስተኛው ሳምንት የምግብ ቤቱ ባለቤት ጓዳ ገባ። ክፉ ሰው አይደለም።

"እትዬ፣ 'ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ' ሲባል አልሰሙም? ቅዳሜ ሠላሳ ሰው ቦታ ይዟል። ያን ቀንም ሾርባው ከተመለሰ እንለያያለን። አይቀየሙኝ።"

ቅዳሜ ደረሰ። ግማሹን ጨምራ ጀርባዋን ሰጠች። ኮቴው መጣ፤ ከሌላው ቀን ሁሉ ቀረበ። የታናሿ ሳሙና ሸተታት። መዞር ፈራች።

"ንኪው" አለች። "ንኪው እህቴ፣ ያን ቀን ያልኩሽ ለአፌ ያህል ነው። ድስቱ መቼ የኔ ብቻ ሆኖ ያውቃል?"

ጠበቀች። አስተናጋጁ በበሩ ብቅ ብሎ "ኧረ እትዬ፣ ሰዉ ማንኪያ ይዞ ቀረ!" አላት። ዞረችና ቀመሰች።

አልጫ። ያው አልጫ።

በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን እዚያው ድስቱ አጠገብ ቆማ አለቀሰች። ከዚያ ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ሽርጥ አውርዳ በራሷ ሽርጥ ላይ ደረበችና ከጨው ዕቃው ቆንጠር አደረገች። ቀመሰች። ልክ የታናሿ ጣዕም! ይሄ ይባስ አንገበገባት። ለካ እጇ ልኩን ሲያውቀው ኖሯል፤ ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ አብረው የቆሙት ለጨው አልነበረም።

ሾርባው ሲወጣ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። አንድም ሳህን አልተመለሰም። ከመስኮቱ ጥግ የማይጠፉት ጡረተኛ ዳኛ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ጓዳው በር ድረስ መጡ።

"ይሄን ጨውማ አውቀዋለሁ!" አሉ እየሳቁ። "ታናሽሽ መጣች አይደል? ጥሪልኝ እንጂ፣ ልሳማት!"

ታላቋ እጇን በታናሿ ሽርጥ ጠረገች።

"ሞታለች፣ አባባ" አለቻቸው። "ጨውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።"