ኤልሮይ ኳሱን ሣሩ ላይ ያስቀመጠ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ዲቪ ደርሶን ሲያትል በገባን በሁለተኛው ዓመት ነው። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያቺን እሑድ ግን ልርሳት ብልም አልቻልኩም። አንድ የማከብረው ሰው በሰው ፊት ሲዋረድ ቆሜ አየሁ። ያዋረደውን ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ልለው አልቻልኩም።

ያኔ የምሠራው ኤርፖርቱ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍሉ ምድር ቤት ስለሆነ መስኮት የለውም። ውጭ ይዝነብ ይጥራ የምናውቀው ሺፍታችን አልቆ ስንወጣ ነው። አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ከእኔ ጋር የሚያጥፈው ኤልሮይ የሚባል ሰው ነበር።

ኤልሮይ ከካሪቢያን ደሴቶች ከአንዷ የመጣ፣ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ጥቁር ሰው ነው። በጣም ረጅም ስለሆነ በራችንን የሚያልፈው ጎንበስ ብሎ ነበር። ዝምተኛ ነው። አንድም ቀን ሲቆጣ አላየሁትም፤ ከባድ ጋሪ ስገፋ ካየኝ ግን ምንም ሳይናገር መጥቶ ይቀበለኛል። ስለ ቤተሰቡ ብጠይቀው «ሩቅ ናቸው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩትም።

እኛ የምንኖረው ሬኒየር ቢች ነበር። ጎረቤታችን ናዚር የሚባል ፓኪስታናዊ ነው። ባለቤቴ ጀማልና እሱ መስጊድ ውስጥ ተዋውቀው እንደ ወንድማማች ሆነዋል። ናዚር ከአገሩ ልጆችና ከሕንዶች ጋር ሆኖ እሑድ እሑድ ክሪኬት ይጫወታል። ሰው ሲጎድልባቸው ጀማልን ይወስዱታል። ጀማል ቡታጅራ ያደገ ሰው ነው፤ ክሪኬት የሚባል ነገር ሰምቶም አያውቅ። ግን ሳይገባው ገብቶበት፣ ሳይገባው ወደደው።

ናዚር ቤት ዲሽ ስለነበር ክሪኬት ከቤቱ አይጠፋም። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ቡድን መሸነፍ ልማዱ ነበርና፣ በተሸነፈ ቁጥር ሳቃቸው በግድግዳው አልፎ እኛ ቤት ይገባል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭቅጭቁ ይገባል። የትኛው ታላቅ ተጫዋች ከቁማርተኞች ጉቦ በላ፣ የትኛው ጨዋታውን ሆን ብሎ ሸጠ እየተባባሉ እስኪጯጯሁ ድረስ ይከራከሩ ነበር።

አንድ ሰኞ አንሶላ እያጠፍን ለኤልሮይ አማረርኩ። ባሌን እሑድ ሙሉ ቀን የሚወስድብኝ ጨዋታ አለ፣ ጠፍጣፋ እንጨት ይዘው ኳስ ሲመቱ ይውላሉ፣ መሃል ላይ አቁመው ሻይ ይጠጣሉ፣ ተመልሰው ደግሞ ይቀጥላሉ፣ አያልቅም አልኩት።

ኤልሮይ የአንሶላውን ጫፍ እንደያዘ ሳቀ። ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከዚያ ትንሽ ፎጣ ጠቅልሎ ኳስ አስመሰለና ጣቶቹን እንዴት እንደሚያስቀምጥ አሳየኝ። ወርዋሪው ከሩቅ ሮጦ ይመጣል፤ መቺው ከጀርባው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ይጠብቃል፤ ኳሱ እንጨቶቹን ከጣለ መቺው ወጣ ማለት ነው። ትጫወት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ልጅ ሆኜ፣ እንደማንኛውም ልጅ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሰኞ በመጣ ቁጥር የእሑዱ ጨዋታ እንዴት እንደነበር ይጠይቀኛል። እኔም ለእሱ ስል ጀማልን እየጠየቅኩ እሄዳለሁ። አንተስ ለምን አትመጣም ስለው ጉልበቴን ያመኛል ይላል። እኔም አልገፋሁበትም።

በጸደይ ወቅት አንድ ዓርብ ቀን ግን እራሱ ጀመረ። እሑድ የሚጫወቱት የት እንደሆነ ጠየቀኝና ነገርኩት። ጥቂት አንሶላዎች ካጠፍን በኋላ «ሙኒራ፣ ብመጣ ቅር ይላቸዋል? አንድ ጊዜ ብቻ ኳስ ልያዝ» አለ። ምን ሐሳቡን እንዳስቀየረው አልነገረኝም። ደስ አለኝ።

እሑድ ጠዋት ጀማልና እኔ ዴ ሞይን ከሚገኘው አፓርታማው ሄደን ወሰድነው። በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ነጭ ሱሪ ለብሷል። ከዕድሜ ብዛት ወደ ቢጫ የዞረ ቢሆንም በደንብ የተተኮሰ ነው። መኪና ውስጥ ወደ ፈተና እንደሚሄድ ተማሪ እጆቹን ያፋትጋል።

ሜዳው ላይ ደመናው ዝቅ ብሎ ነበር፣ ሣሩም እርጥብ ነው። ተጋጣሚዎቹ ከከተማው ሰሜን የመጡ፣ ከየአገሩ የተውጣጡ ሰዎች ናቸው። እኔና የናዚር ሚስት ከሜዳው አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ናዚር ኤልሮይን በትህትና ተቀበለው፤ ግን ከእሱ ብዙም የጠበቀ አይመስለኝም። ጨዋታው ተጀምሮ ጥቂት እንደቆየ ኳሱን ሰጠው።

ኤልሮይ ኳሱን ሱሪው ላይ እያሸ ወደ ኋላ ራቀ። ከዚያ ሮጦ መጣ። እኔ የማውቀው ሰው ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ደረጃ ሲወጣ ብረቱን የሚይዝ ነው። ያን ቀን የሮጠው ሌላ ሰው ነው። እግሩ መሬት የነካ አይመስልም ነበር። ክንዱ ወደ ላይ ወጣ፣ ኳሱ ሄደ፣ መቺው እንጨቱን ገና ሳያነሳ ከጀርባው ሦስቱም እንጨቶች ወደቁ።

ከዚያ ሁሉም ተንጫጩ። ናዚር ሮጦ ሄዶ የኤልሮይን ራስ በሁለት እጁ ያዘ። ጀማል ወደ እኔ እያየ ይስቃል። ኤልሮይ እንደ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ያንን ፊቱን ባየሁ ጊዜ እንኳን መጣ ብዬ አሰብኩ።

እንጨቶቹ የወደቁበት መቺ ወጣና ሌላ ገባ። የገባው ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ጥቁር ሰው ነው። ስሙ ዴዝመንድ እንደሆነ ኋላ አወቅኩ። ቦታውን ይዞ ከቆመ በኋላ ኤልሮይን አተኩሮ ተመለከተው። ኤልሮይ ሊሮጥ ሲል እጁን አንስቶ አስቆመው። ከዚያ ሜዳውን አቋርጦ ፊቱ ድረስ ሄደና ስሙን ከነአባቱ ጠራው። የአባቱን ስም እኔ እንኳን አላውቅም ነበር።

ኤልሮይ «አዎ፣ ነኝ» አለ።

ዴዝመንድ ወደ ሌሎቹ ዞረ። አልጮኸም፤ ግን ሜዳው ጸጥ ስላለ እኛ ድረስ ይሰማል።

«ዓለም በሙሉ በአፓርታይድ ምክንያት ደቡብ አፍሪካ ሄጄ አልጫወትም ባለበት ጊዜ ይሄ ሰው ሄዷል። ጥቁር በማይገባበት ሆቴል 'የክብር ነጭ' ተብሎ ተኝቷል። እኔ ከእሱ ጋር አንድ ሜዳ ላይ አልቆምም።»

ናዚር መሬት መሬት ያያል። ጀማል ሳቁ ፊቱ ላይ እንደደረቀ ነው። ሁሉም ኤልሮይ የሆነ ነገር እንዲል ይጠብቃል። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ኳሱን ሣሩ ላይ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ወደ ቦርሳው ሄደ። ና ተመለስ ያለው ሰው የለም። እኔ ተነስቼ ተከተልኩት፤ ጀማልም ከኋላችን መጣ።

መኪና ውስጥ ገባን። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። በኋላ ኤልሮይ ከኋላ ወንበር ሆኖ ማንም ሳይጠይቀው መናገር ጀመረ።

ሰውየው የተናገረው እውነት ነው አለ። ለደሴቶቹ የጋራ ቡድን ጥቂት ጊዜ ከተጫወተ በኋላ ተቀንሶ ነበር፤ ሥራ አልነበረውም፣ እናቱ ታማበት ነበር። በዚያ መሃል የደቡብ አፍሪካ ነጮች ብዙ ገንዘብ እንከፍልሃለን ብለው ሰው ላኩበት። ሄደ። ሲመለስ ዕድሜ ልኩን ከጨዋታ እንደታገደ ተነገረው። ይህን ጠብቆት ነበር። ያልጠበቀው የሰፈሩን ሰው ነው። ገበያ ላይ ጀርባ ሰጡት፤ ሱቅ ሲገባ ባለሱቁ ወደ ጓዳ ይገባል። እናቱ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የምትቀመጥበት አግዳሚ ላይ ብቻዋን ትቀር ጀመር። የሞተችውም እንደዚያው ብቻዋን እንደቀረች ነው። እሱ ከቀብሩ በኋላ አገር ለቀቀ።

«ሲያትልን የመረጥኩት ክሪኬት የሚያውቅ ሰው የለበትም ብዬ ነው» አለ።

ከዚያ ስለ እንግሊዝ ተጫዋቾች አነሳ። እነሱም እኮ ሄደው ነበር አለ። ጥቂት ዓመት ታግደው ተመለሱ፤ ከእነሱ መካከል በኋላ የአገራቸው ቡድን አምበል የሆነ አለ። የደቡብ አፍሪካ ነጮችም ዛሬ በየአገሩ ይጫወታሉ፤ የእሱ ደሴት ሲሄዱ እንኳን እጃቸውን የሚጨብጥ አላጡም። «እኛ ብቻ ቀረን» አለ።

ጀማል ክፉ ሰው አይደለም፤ የመሰለውን ሳይናገር ግን አያድርም።

«የእንግሊዞቹ ሌላ ነው» አለው። «ከአጥሩ ውጭ የቆመው ጥቁር ሰው የእነሱን መልክ አይመስልም ነበር።»

ክንዱን ነካሁት፤ ግን ቃሉ ወጥቷል። ኤልሮይ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር።

«አውቃለሁ» አለ። «ስንጫወት ጥቁሮቹ ለብቻቸው በታጠረ ቦታ ቆመው ያዩን ነበር። እኔ ሮጬ ስመጣ ያጨበጭቡልኛል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።»

ዴ ሞይን ስንደርስ ጀማል በሩ አጠገብ ፓርክ አደረገ። ኤልሮይ አመስግኖን ቦርሳውን ይዞ ገባ።

ቤት ስንገባ ከጀማል ጋር ተጨቃጨቅን። እኔ እንደዚያ ማለት አልነበረብህም አልኩት። እሱ ደግሞ «እዘኚለት፤ ግን ልክ ነበር አትበይ» አለኝ። ልክ ነበር አላልኩም። ቡታጅራ ትምህርት ቤት ሳለሁ እኛም ተሰልፈን፣ እጃችንን ጨብጠን፣ አፓርታይድ ይውደም እያልን ጮኸናል። የደቡብ አፍሪካ ሕፃናት በጥይት መመታታቸውን በሬዲዮ ስንሰማ እናቴ ከንፈሯን ትመጥ ነበር። ይህን ታሪክ ስለማላውቀው ሰው ቢነግሩኝ እኔም ተፍቼበት አልፍ ነበር። ግን ይህን ሰው አውቀዋለሁ። ከባድ ጋሪ ሲገፋልኝ የኖረ ሰው ነው።

ሰኞ ኤልሮይ ሥራ አልገባም። ከመንገድ ስልክ ኮል አድርጎ ሥራውን እንደለቀቀ ኃላፊያችን ነገረችኝ። ቤቱ ስልክ አልነበረውም። ኦፍ በሆንኩበት ቀን ከጀማል ጋር ዴ ሞይን ሄድን፤ እንሂድ ያለው ጀማል ነው። በሩ ክፍት ነበር፤ አንድ ሰው ውስጥ ግድግዳ ይቀባል። የጎረቤቱ ሴትዮ ወደ ቴክሳስ ሳይሄድ አይቀርም አለችን፤ እርግጠኛ ግን አልነበረችም። ጀማል መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሳ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ናዚር አንድ ማታ በራችንን አንኳኳ። ከኋላው ዴዝመንድ ቆሟል። ላስገባው አልፈለግኩም፤ ግን እንግዳ ነው። ገባና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ሰጠሁት፣ አልጠጣውም። ኤልሮይ የት እንዳለ ለመጠየቅ ነው የመጣው። አላውቅም አልኩት።

ይነሳል ብዬ ስጠብቅ ማውራት ጀመረ። ለካ የኤልሮይ ሰፈር ልጅ ነው። እሱና እኩዮቹ በሙሉ ኳስ ሲወረውሩ እንደ ኤልሮይ ነበር የሚሮጡት፤ የኤልሮይን አሯሯጥ የማይችል ልጅ ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም። ደቡብ አፍሪካ መሄዱን በሬዲዮ የሰሙ ዕለት አባቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አባቱ ሲያለቅስ ያየው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ጀምሮ ይህን ሰው ባገኘው ምን እንደሚለው ሲያስብ አደገ።

«እግዜር አገናኘንና ተናገርኩት» አለ። «ሳስበው የኖርኩትን ሁሉ ሳላስቀር ነው የተናገርኩት። ይቀለኛል ብዬ ነበር።»

ጀማል ሻዩን ወደ እሱ ጠጋ አደረገለት።

«ያቺን ኳስ ግን አየሻት?» አለኝ ቆየት ብሎ።

አየኋት አልኩት።

«በዚህ ዕድሜው እንኳን» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ኤልሮይን ከዚያ በኋላ ያየው ሰው አላገኘሁም። ዛሬ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ዴዝመንድም ሌላ ከተማ ሄደ ሲሉ ሰማሁ። ብዙ ዓመት አልፏል፤ እኔም አርጅቻለሁ፤ ሰው ስለ ይቅርታ ቀላል አድርጎ ሲያወራ ግን አሁንም ዝም እላለሁ። ዴዝመንድ ያን ቀን ውሸት አልተናገረም። ኤልሮይም አልካደም። የሚከፋኝ ሌላ ነው። ሁለት የአንድ ሰፈር ሰዎች ከአገራቸው ይህን ያህል ርቀው፣ አንዱ ሌላውን ሲፈልግ፣ ሌላው ሲሸሽ ኖረው ተገናኙ። አንድ ስኒ ሻይ እንኳን አብረው ሳይጠጡ ተለያዩ።