ሰንጢዬን አልጥልም

ሰንጢ የዱርዬ ዕቃ ነው ያለውን ሰው ባገኘው፣ አንድ ቀን ሙሉ ቃሊቲ መጋዘን ውስጥ ጆንያ አስፈታው ነበር። የእህል መጋዘን ነው። እኛ ሴቶቹ ባቄላና ቦሎቄ እንለቅማለን። ጆንያው የሚመጣው አፉ በሲባጎ ጥርቅም ተደርጎ ተሰፍቶ ነው። በጥፍሯ የሞከረች ጥፍሯ ይነቀላል፣ በጥርሷ የሞከረች ድዷ ይደማል። እኔ ሰንጢ ገዛሁ።

የገዛሁት አቃቂ፣ በሰቃ ገበያ፣ ከአንድ የስልጤ ሰው ሱቅ ነው። ዋጋዋ ከምሳዬ አይበልጥም፤ ሰውዬው ዛሬም ያንኑ ዓይነት ይሸጣሉ። የእንጨት እጀታ፣ አንድ ስለት፣ አንድ ሚስማር፣ ሌላ ምንም የላት። ስትታጠፍ መዳፍ ውስጥ ትጠፋለች። ስትደንዝ ድንጋይ ላይ ሳብ ሳብ ማድረግ ነው፣ በቃ። ስንት ውድ ነገር ገዝቼ ዓመት ሳይሞላው ተሰብሮብኛል፤ እሷ ግን እጀታዋ በእጄ ላብ ከመጥቆሩ በቀር ምንም አልሆነችም። ብርቱካን እልጥባታለሁ፣ ክር እቆርጥባታለሁ፣ ለጎረቤት ልጆች እርሳስ እቀርጽባታለሁ። ቆንጆ ናት ስል ይስቁብኛል። ይሳቁ።

የቀለበት መንገዱ እየተቆፈረ ሰፈሩ ሁሉ አቧራ በሆነበት ጊዜ የምወደው ሰው ነበረኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ሽማግሌ የሚልክበት ቀን ተቆርጧል። ከዚያ በፊት እናቱ እንዲያዩኝ ብሎ ቤታቸው ወሰደኝ። ስንገባ እናትየው ከአገር ቤት የተላከላቸውን የማር ጣሳ ገመዱን ሊፈቱ ይታገላሉ። ቆሜ ማየቱ አላስቻለኝም። ሰንጢዬን አውጥቼ ቆረጥኩላቸው። "እግዜር ይስጥሽ" አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን ሌላ ይናገር ነበር።

በሳምንቱ ልጁ አንድ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ቀጠረኝ።

"እማዬ አልተመቻትም" አለኝ። "ሰንጢ የያዘች ሴት ቤቴ አትገባም ብላለች። ሽማግሌ ሳልልክ በፊት ጣይው።"

"ገመዱን ስቆርጥላቸው ግን ተመችቷቸው ነበር።"

"አትቀልጂ። ሰው ምን ይላል? አምጪው፣ እኔ እጥለዋለሁ።"

እጁን ዘረጋ። ሰንጢዬን አውጥቼ ከፈትኳትና በመዳፌ ላይ አቀረብኩለት። እጁ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። እኛ ዘንድ ስለት እጅ በእጅ አይቀባበሉም፣ ያጣላል ይባላል። ሰጪው ያስቀምጣል፣ ተቀባዩ ያነሳል።

"ጠረጴዛው ላይ አድርጊው" አለ።

"አላደርግም። ከፈለግክ ከእጄ ውሰዳት።"

"እንዳንጣላ ብዬ እኮ ነው።"

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ግን ደሜ ፈላ። ይሄ ሰው ስለቱ እንዳያጣላን ይፈራል፤ የእናቱን ቃል ተሸክሞ የመጣው ግን ጠብ አይመስለውም። እወደዋለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ከእሱ ጋር የምኖርበትን ቤት መጋረጃውን ሳይቀር በሐሳቤ ሰቅዬ ጨርሻለሁ። ነገር ግን ዛሬ ሰንጢዬን የወሰደ ነገ ሥራዬን፣ ከነገ ወዲያ ምላሴን አምጪ ማለቱ አይቀርም። እጄን እንደዘረጋሁ ቆየሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ። አስተናጋጇ ሁለት ጊዜ መጥታ አየችንና ተመለሰች። እሱ አልወሰደ፣ እኔም አላስቀመጥኩ። መጨረሻ ላይ አጠፍኳትና ኪሴ ከተትኳት።

"ለአንዲት ተራ ሰንጢ ብለሽ ልትተይኝ ነው?" አለኝ።

"አንተስ ለአንዲት ተራ ሰንጢ ብለህ አይደል የምትተወኝ?"

ሽማግሌም አልላከ፣ እኔም አልጠበቅኩም።