ቀና እንዳትል

አባቴ ፊቱን ደፍቶ የከረመበት ጊዜ ዛሬም ይናፍቀኛል። በሽታ ይናፍቃል ወይ? እኔን ይናፍቀኛል፤ ምን ላድርግ! እስራኤል፣ ቂርያት ማላኪ ባለው ቤታችን ሶፋው ላይ ተደፍቶ፣ ፊቱን ከጠርዙ ወደ ወለሉ አንጠልጥሎ ይውላል። ከቤኤር ቱቪያ ፋብሪካ ስመለስ ጫማዬን ያይና «መጣሽ፣ የኔ እመቤት?» ይለኛል።

የምታይለት አንዷ ዓይኑ ብቻ ነበረች። የእሷም ሬቲና፣ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ተላቀቀና በቀዶ ሕክምና አጣብቀው፣ እንዲጸና ውስጧን በሲሊኮን ዘይት ሞሉት። ሌንሷ ድሮ በዓይን ሞራ ምክንያት ወጥቷልና ዘይቱን የሚያግድ የለም። ሐኪሟ በዕብራይስጥ ስትናገር እኔ አስተረጎምሁ፦ «ዘይቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። በጀርባህ ከተኛህ ኮርኒያውን፣ የዓይንህን የፊት መስታወት፣ ነክቶ ያደፈርሰዋል።»

«ቤሰደር» አለ አባቴ፤ እሺ ማለቱ ነው። ቤሰደር ማለት እንኳ ያውቅበታል!

ጭንቀቱ ሁሉ እህቱ ነበረች። ጎንደር ስንለያት እኔ ሕፃን ነበርሁ፤ እዚያው ስትጠብቅ ኖራ አሁን ልትመጣ ነው። «ፊቷን ልይ እንጂ ከዚያ ወዲያ ዓይን ለምኔ!» ይላል።

ታዲያ አንድ ሰንበት ዘመዶቻችን ከገዴራ ሊጠይቁት መጡ። አባቴ እንደሆነ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ነው። «ጀርባዬን ሰጥቼ እንግዳ ልቀበል? ነውር አይደለም?» ብሎ ትራስ ተደግፎ በጀርባው ተንጋለለ። ብለው ብሠራው «ተይ እቴ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ!» ብሎ ሲስቅ ሲጫወት ዋለ።

በማግስቱ ዓለም ጉም ለበሰበት። ዘይቱ ኮርኒያውን ነክቶ አሳብጦታል። «ከተደፋ ጉሙ ሊሳሳ ይችላል፤ እምቢ ካለ ግን ኮርኒያው ነጥቶ ይታወራል» አለች ሐኪሟ። ከዚያ ወዲያ እንግዳ ቢመጣ ባይመጣ ንቅንቅ አላለም። ጉሙም ሳሳ።

አክስቴን ቀድሟት መጥቶ ያቭኔ የሚኖረው ልጇ በመኪና አመጣት። አባቴ ድምጿን ከደረጃው ሲሰማ ሊነሣ ክንዱን ተመረኮዘ። «አባባ፣ ተው!» ብዬ ትከሻው ላይ ተጠመጠምሁ። ለካ ልጇ ሁሉንም ነግሯታል። ነጠላዋን ወርውራ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተዘረረችና ፊቷን ከፊቱ ሥር አመጣች።

«ቀና እንዳትል፣ ወንድምዓለም! እኔ ዝቅ ብያለሁ።»

«አርጅተሻል» አለ።

«አንተስ ብትሆን!»

እየሳቁ ነበር፤ እንባው ግን ግንባሯ ላይ ይንጠባጠባል።

ዘይቱ በኋላ ወጣ፤ ኮርኒያው ግን ውሎ አድሮ ነጣ። ዛሬ ሰው የሚለየው በድምፅ ነው። አክስቴ ከያቭኔ መጥታ ድምጿ ከደረጃው ሲሰማ ግን አንገቱን ወደ ወለሉ ይደፋል።

«ምነው አባባ?» እለዋለሁ።

«እሷን የማያት እዚያ ታች ነው» ይለኛል።