ዛፍ ያላማራት ደንበኛ

ሴትዮዋ ኮምፒውተሯን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ እንደ ታመመ ሕፃን አቅፋ ኮምፒውተር መጠገኛ ሱቁ ገባች። ወንበሩን ለኮምፒውተሩ ለቃ ራሷ ቆመች። ነጭ የነርስ ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም።

«ልጅዎ አበላሸው?» አለ ጠጋኙ።

«የምጫወትበት እኔ ነኝ፤ የመኪና እሽቅድምድም። መሀል መንገድ ላይ ድርቅ ይልብኛል።»

ጠጋኙ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ግራፊክስ ካርዱን ብንቀይረው እትዬ፣ የመንገዱ ዳር ዛፍ ቅጠል በቅጠል ይታይዎታል።»

«ዛፍ ምን ያደርግልኛል ወንድሜ? ልጄ አባቱ ጋ መኖር ከጀመረ ወዲህ የምንገናኘው እዚያ ጨዋታው መንገድ ላይ ነው። ትናንት ‹እማዬ፣ አንቺን ስጠብቅ ሁሉም አለፈኝ› አለኝ። መጠበቁ ሳይሰለቸው ድረስልኝ።»

ጠጋኙ ከፍቶ አየው። ካርዱን መሸጥ ቢያምረውም ያነሰው የኮምፒውተሩ ማስታወሻ፣ ራሙ ነበርና እሱኑ ጨመረላት።

«በሉ ይሞክሩት።»

መነጽሯን ጠራርጋ ተቀመጠች። መኪናዋ ሳትደናቀፍ ከነፈች። ከፊት ካለው መኪና ጋ ስትደርስ ግን ፍጥነቷን ቀንሳ ጎን ለጎን ትነዳ ጀመር።

«ይለፉት እንጂ እትዬ፣ መንገዱ እኮ ክፍት ነው!»

«መለማመዴ ነው» አለች ዓይኗን ሳትነቅል። «ካለፍኩትማ ልጄን በምን አየዋለሁ?»